በሽማግሌ የተካፈለ ህግ

ይርገዱ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ ዳር ባለ ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ፣ ደህናውን ከበሰበሰው ስትለይ ስድስት ክረምት ቆማለች። «መቆም ነው እንጂ ሥራውስ ምን አለው» ትላለች፤ ማታ እግሯን ለብ ባለ ውሃ ስትነክር ግን ሥራው ምን እንዳለው እግሯ ይናገራል።

ከጎኗ ሁልጊዜ ሀረጓ አለች። ከጎንደር እስከ ሱዳን በእግር አብረው ወጥተዋል። ሀረጓ ባሏን እዚያው ሱዳን ቀብራ የመጣች ብቸኛ ሴት ናት፤ አሁን ደግሞ ዓይኗን ሞራ እየጋረዳት የበሰበሰው ያመልጣታል። ይርገዱ ቶሎ እጇን ትሰድና ታነሣላታለች። ማንም ሳያውቅ እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ውትድርናዋን የጨረሰችው የይርገዱ ልጅ ታሊ የእናቷን የደሞዝ ወረቀት አይታ ጮኸች። የተጻፈው በህግ ከተወሰነው ዝቅተኛ ደሞዝ በታች ነበር።

«ኢማ፣ እንክሰሰው!» አለች፣ እናቷን በዕብራይስጥ ጠርታ።

«እንጀራ የሰጠንን ሰው ዘሎ ዳኛ ፊት ማቆም ነውር ነው። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል» አለች ይርገዱ።

አርብ ጠዋት ጡረተኛው ጋሼ ባየ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እናትና ልጅን አስከትለው ወደ አሠሪው ወደ ጊል ቢሮ ገቡ። ጊል ለሠርግ ሊጠሩት የመጡ መስሎት ተነሥቶ ተቀበላቸው። ነገሩን ታሊ ስትተረጉምለት ግን ተቀመጠ።

«እሺ፣ የህጉን እከፍላለሁ። በዚያ ደሞዝ ግን አምስት ሴት አላሠራም፤ ሦስት ይበቁኛል። ቀርፋፎቹ ይሂዱ።»

ቀርፋፋዋ ማን እንደሆነች ይርገዱ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም።

ጋሼ ባየ ስንት ባልና ሚስት፣ ስንት የድንበር ጠብ ያስታረቁ ሰው ናቸው። እርቅ ማለት ለእሳቸው ከወዲህም ከወዲያም ትንሽ ትንሽ መልቀቅ ነው። «እሱም ጥቂት ይጨምር፣ እናንተም ጥቂት ተዉለት፤ አምስቱም ይቆዩ» አሉ።

«ጋሼ፣ ዜ ኾክ! ህግ ነው እኮ! እንደ ድንበር መሬት አይካፈልም» አለች ታሊ፣ ፊቷ ተለዋውጦ።

ሽማግሌው ወደ ይርገዱ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ይሁን» አለች።

ጊል እጃቸውን ጨበጠ፤ ጋሼ ባየም መረቁት። እርቁ የተመቸው ለማን እንደሆነ ለማወቅ የጊልን ፈገግታ ማየት ይበቃ ነበር። ይርገዱ ግን ቀለል ብሏት ወጣች። ሀረጓ አትባረርም፤ ማታ ለታሊም ይህንኑ ነገረቻት።

ታሊ አልበረደላትም። ቅዳሜ ሀረጓ ልትጠይቃቸው ስትመጣ አፈረጠችው። «እትዬ ሀረጓ፣ ኢማ የህጉን ደሞዝ የተወችው ለእርስዎ ስትል ነው።»

ሀረጓ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ይርገዱን ጉንጯን ስማ ወጣች። እሁድ ጠዋት የሠራተኞቹ አውቶቡስ ላይ አልነበረችም። ማክሰኞ ይርገዱ ቤቷ ድረስ ሄዳ ለመነቻት።

«ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ መጥቻለሁ፤ አሁን በአንቺ ጀርባ አልታዘልም» አለች ሀረጓ።

ጊል በሀረጓ ቦታ ሰው አላስገባም። «በይ እንግዲህ፣ አሁንማ ምን ቀረሽ? እንክሰሰው» ብትላት ታሊ፣ ይርገዱ ራሷን ነቀነቀች። ቃሏን ሽማግሌ ፊት ሰጥታለች፤ ምርቃትም ወርዶበታል።

አሁን የሀረጓንም ብርቱካን የምትለየው እሷው ናት፣ በዚያው በተካፈለው ደሞዝ። እጇ እንደ ድሮው ወደ ጎን ይሰደዳል፤ የበሰበሰውን አንሥታ ቀና ስትል ግን የምታየው ሰው የለም።