ቁጥር ወደ ኋላ አይሄድም

ከሁሉ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። እትዬ አሰገደችን ከወንበራቸው የማስነሳቱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ ዲላ በሚገኝ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ አፌ ግን የሃያ ዓመት ሠራተኛ አፍ ነበር። ማኅበሩ የኮንጋንና የአካባቢዋን ገበሬዎች ቡና ለውጭ ገዢዎች ይልካል። ከገዢዎቹ ጋር የምንጻጻፈው በኢሜይል ነው፤ የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ደግሞ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። እዚህ ትልቅ ሥልጣን ላይ ተቀምጬ ኮሪደሩን ስመለከት፣ ጥግ ላይ በሁለት ወፋፍራም መዝገቦች መካከል የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ይታዩኝ ነበር።

እትዬ አሰገደች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። አባታቸው ከመንዝ መጥተው ዲላ የቀሩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ፣ ልጅቷ ያደገችው በወረቀት መካከል ነው። ከሦስት መሥሪያ ቤት በኋላ ነው እኛ ጋ የመጡት፤ በጠቅላላው ሃያ ስድስት ዓመት ሌላ ሥራ ሠርተው አያውቁም። ደብዳቤ ሲመጣ አስቀድመው ፖስታውን አገላብጠው ያያሉ። ቀጥሎ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ ከዚያ ፊርማውን። ደብዳቤው የሚለውን የሚያነቡት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው፣ የሚለውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ልቡ ይሸፍታል፣ ከዚያ በኋላ ከየት እንደመጣ ማየት ያቅተዋል አሉኝ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ።

ማህተም ግን አይገርማቸውም ነበር። በ1989 ዓ.ም. በሌላ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ፣ አንድ ሰው ከበላይ የተጻፈ የሚመስል የቅጥር ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሁሉም ማህተሙን አይቶ እጅ ሲነሳ፣ እሳቸው ቁጥሩ ከመዝገባቸው ጋር አልገጥም ብሏቸው ደብዳቤውን አስቀሩት። በኋላ ሲጣራ ማህተሙ ከነጠላ ጫማ ሶል ተቀርጾ ተገኘ። ይህን ታሪክ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ስምንቱንም ጊዜ በደንብ አላዳመጥኩትም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ገሪማ ዘመናዊ ነገር የሚወዱ ሰው ነበሩ። ስካነር ከተገዛ፣ ኢሜይል ካለ፣ መዝገብ ቤት ለምን ያስፈልጋል አልኳቸው። ወዲያው ተስማሙ። እትዬ አሰገደች ከግንቦት አንድ ጀምሮ ገደብ ከተማ ወዳለው መጋዘናችን እንዲዛወሩ ተወሰነ። ገደብ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ አውቶቡስ ያደርሳል። ግን እትዬ አሰገደች አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሏቸው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ቤት ይሮጣሉ፣ እናታቸውን በእጃቸው አጉርሰው ይመለሳሉ። እናትየዋ ከእሳቸው ሌላ ሰው የላቸውም፤ ከገደብ ደግሞ ለምሳ ደርሶ መመለስ አይቻልም። ይህን ሳላውቅ ነው ያደረግሁት ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር።

የዝውውሩን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ፣ የፈረሙት አቶ ገሪማ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ቢሮው ሁሉ ጉልባን ጉልባን ሲሸት፣ ወረቀቱን ለቁጥር የት ልውሰደው? ወደ ራሳቸው። እትዬ አሰገደች እንደ ልማዳቸው ቁጥሩን ፈለጉ፣ ቀኑን ፈለጉ። ቀኑን ረስተኸዋል ብለው መለሱልኝ። አስተካክዬ ስመለስ ስማቸውን አነበቡ፣ እናቴ ብለው አንዴ ተነፈሱ፣ ወጪ መዝገቡን ከፈቱ፣ ቁጥር 312 ብለው ጻፉ። ‘ለማን’ በሚለው ረድፍ ላይ የገዛ ስማቸውን አሰፈሩ። ማህተሙን ቀጥ ባለ እጅ መቱ። እኔ በዚያ ሰዓት ልጠፋ የምችልበት ጉድጓድ ፈልጌ ነበር፤ ይሁን እንጂ ደብዳቤውን ይቅደዱት ለማለት ወንድነቱ አልነበረኝም።

ፋሲካ አለፈ። ሰኞ ሚያዝያ 8 ግማሹ ሠራተኛ አልገባም፤ የገባነውም በዶሮ ወጥ የደነዘዝን ነበርን። ኢሜይል ስከፍት አንድ መልእክት አገኘሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው ይላል። ውስጡ ደብዳቤ ተያይዟል፤ ራስጌ አለው፣ ፊርማ አለው፣ ክብ ሐምራዊ ማህተም አለው። ቡና ላኪዎች ሁሉ እንደ አዲስ እንዲመዘገቡ ታዟልና፣ ከታች ባለው ሊንክ ገብታችሁ የኢሜይል አድራሻችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ሙሉ ይላል። ሃያ አራት ሰዓት ሰጥቶናል። ይህን ያላደረገ የመላኪያ ፈቃዱ ይሰረዛል።

ማህተሙን ሳይ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የኮንጋ ገበሬዎች ቡና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለመጫን ተራ የሚጠብቅበት ሰሞን ነው፤ ፈቃድ ከሌለ የዓመት ልፋታቸው መጋዘን ውስጥ ይቀራል። ወደ አቶ ገሪማ ሮጥኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሳትቀመጥ ሙላው አሉኝ። ሊንኩን ተጫንኩ። ኔትወርኩ በዚያን ቀን እንኳን ገጽ ሊከፍት ሰላምታም የሚመልስ አይመስልም ነበር። ገጹ እስኪከፈት ደብዳቤውን አተምኩና፣ እስከ ግንቦት አንድ ደንቡ ደንብ ነውና፣ ገቢ እንዲያደርጉት እትዬ አሰገደች ጠረጴዛ ላይ ወርወር አድርጌ ዞርኩ።

ፖስታው የታለ አሉኝ። ኢሜይል ፖስታ የለውም አልኩ፣ ትዕግሥቴ አልቆ። የላከው ሰውስ አድራሻ የለውም ወይ ብለው ጠየቁ። መልሴን ሳይጠብቁ ገቢ መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጡ ነበር። በጣታቸው አንድ መስመር አሳዩኝ። ያ መሥሪያ ቤት መጋቢት ላይ የላከልን ደብዳቤ ቁጥሩ 641 ነው። የዛሬው 87 ይላል።

«ቁጥር ወደ ኋላ አይሄድም» አሉ። ቀጠሉና ቀኑን አሳዩኝ። «ሚያዝያ 7። ትናንት ምን ነበር፣ ነብዩ?»

«ፋሲካ።»

«እና እኚህ ኃላፊ ሌሊቱን ሲያስቀድሱ አድረው፣ ጠዋት ፈስከው፣ ከሰዓት ቢሮ ገብተው ማህተም መቱ?»

እውነቱን ለመናገር ያኔም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ማህተሙ ዓይኔ ላይ ነበር። ደግሞ አቶ ገሪማ ከቢሮዬ ሆነው ገጹ ተከፍቷል እያሉ ይጠሩኛል። ሄጄ ተቀመጥኩ። ሁለት ባዶ ቦታ ወጥቷል። አድራሻውን ሞላሁ። ጣቴን ወደ ሁለተኛው ሳሳልፍ፣ ያ ግንድ የሚያህል መዝገብ ከላይ መጥቶ ኪቦርዱ ላይ ተጋደመ። እትዬ አሰገደች ወደ ቢሮዬ ሲገቡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፣ አቶ ገሪማ» አሉ ረጋ ብለው። «መጀመሪያ ስልክ ይደወል።»

አቶ ገሪማ ተቆጡ። ፈቃዱ ቢሰረዝ ኃላፊነቱን ማን ሊወስድ ነው ብለው ጠየቁ። እትዬ አሰገደች ምንም ሳይደነግጡ፣ በጽሑፍ ያድርጉልኝ፣ ቁጥር ሰጥቼ እወስዳለሁ አሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ለአለቃ ሲናገሩ የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ስልኩን አነሳሁና ደብዳቤው ግርጌ ላይ ያለውን ቁጥር መምታት ጀመርኩ። እትዬ አሰገደች እጄን ያዙኝ። ሌባውን ሌባ ነህ ወይ ብለህ ልትጠይቀው ነው አሉኝ። ከመሳቢያቸው ጠርዙ የተበላ ማስታወሻ ደብተር አመጡ። ውስጡ የአዲስ አበባው መዝገብ ቤት ስልክ ነበር፤ እዚያ የምትሠራውን ፍቅርአዲስን በዐይን አይተዋት ባያውቁም፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በድምፅ ተዋውቀዋል። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ተባባሉ። አቶ ገሪማ በዚያ ሰላምታ ርዝመት ሊፈነዱ ነበር። ከዚያ እትዬ አሰገደች ጠየቁ፣ አዳመጡ፣ ስልኩን ለአቶ ገሪማ አቀበሉ። ፍቅርአዲስ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ እንዳልወጣ፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ መሥሪያ ቤትም እንደሌለ፣ ከጠዋት ጀምሮም እኛ ሦስተኛ ደዋዮች መሆናችንን ነገረቻቸው። አቶ ገሪማ በእኔ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ።

ያን ጊዜ ነው የኢሜይሉን ‘ፖስታ’ ያየሁት። ፊት ላይ የተለጠፈው የመሥሪያ ቤቱ ስም ነው፤ ስሙን ስጫነው ግን ከኋላው የወጣው አድራሻ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ በነጻ የሚከፍተው ዓይነት ነበር። ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ብጫን ኖሮ አየው ነበር። ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ሆኖ ታዘበኝ።

ገጹን ዘጋሁ። ያ ሰው የይለፍ ቃላችንን አግኝቶ ቢሆን ከገዢዎቻችን ጋር የተጻጻፍነውን ሁሉ አንብቦ፣ በእኛ ስም የፈለገውን ይጽፍላቸው ነበር። እኔ ይህን ሳስብ፣ እትዬ አሰገደች ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

«የእኛስ ተረፈ» አሉ። «የሌሎቹስ?»

ፍስሐ ገነት ያለው ማኅበር ጋ ደወሉ። ጸሐፊዋ ብዙነሽ ስልኩን አነሳች። ገና ከሩብ ሰዓት በፊት ሞልታው ነበር። የሐሰት መሆኑን ሲነግሯት ስታለቅስ ሰማናት። እትዬ አሰገደች ስልኩን ሰጡኝና፣ በል የተማርከው ለዚህ ነው አሉኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ተጠንቅቄ ተናግሬ አላውቅም። ሊንኩን እንዳትነካው፣ በየቀኑ በምትገባበት በኩል እንድትገባ፣ የይለፍ ቃሉን እንድትቀይር አንድ በአንድ ነገርኳት። ኔትወርኩ ጎተተ። አቶ ገሪማ እንኳ ቆመው ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ብዙነሽ፣ ገባሁ አለች፤ ትንሽ ቆይታ፣ ተቀየረ። ማንም እንዳልገባበት፣ ምንም እንዳልተላከ አብረን አየን። ቀድመነዋል። ሌባውን በሩ ላይ ቀድመነዋል።

እስከ ምሳ ድረስ እሳቸው ከደብተራቸው ስልክ እያነበቡ፣ እኔ እየደወልኩ፣ ይርጋ ጨፌንና ገደብን ጨምሮ ስምንት ቢሮዎች አስጠነቀቅን። ለሚጠይቀው ሁሉ እትዬ አሰገደች የሚሉት አንድ ነው፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፣ ሳትጠይቁ አታንጥፉ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ እናታቸው ሄዱ።

ከሰዓት አቶ ገሪማ ሁለታችንንም አስጠሩን። ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ ያ የሐሙሱ ደብዳቤ ይቀደድ አሉ።

«አይቀደድም» አሉ እትዬ አሰገደች።

አቶ ገሪማ ቂም የያዙባቸው መሰላቸው፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

«ቁጥር ተሰጥቶታል። ቁጥር ወደ ኋላ አይሄድም። የሚሽረው ሌላ ይጻፍ።»

ጻፍኩት። ቁጥር 312 መሻሩንና እትዬ አሰገደች በነበሩበት ሥራ መቀጠላቸውን፣ እንዲሁም ማንኛውም ኢሜይል ትእዛዝ ሲይዝ በእሳቸው በኩል ሳይጣራ እንዳይፈጸም የሚል ሁለት አንቀጽ። አቶ ገሪማ ሳያነቡ ፈረሙ። ይዤው ወደ ኮሪደሩ ጥግ ሄድኩ። እትዬ አሰገደች እንደ ልማዳቸው ቀኑን አዩ። ተጽፏል። ፊርማውን አዩ። ከዚያ የሚለውን አነበቡ፣ ደግመውም አነበቡ። ወጪ መዝገቡን ከፍተው ቁጥር 313 ሲጽፉ የመጨረሻዋን ሦስት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። እኔም እንባዬ መጣ፣ ይቅርታ እትዬ አልኩ። ዝም በል አሉኝ።

ማህተሙን ሲመቱት አቶ ገሪማ ቢሮ ድረስ ተሰማ።

«ግልባጭ ለማን ይሁን?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ድምፄን አስተካክዬ።

«ለአንተ» አሉኝ።

ግልባጩ እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ።