ሁለት ሰው የሚያቀናው በር

ባሌ መጥፎ ሰው አይደለም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለሱ ብዙ ጥሩ ነገር ስለማልናገር ነው። አይጠጣም፣ አይማታም፣ ልጆቹን ይወዳል። የተጋጨ መኪና ሲያይ ግን ዓይኑ እንደሚበራው እኔን ሲያይ በርቶ አያውቅም። ሙያው ላሜራ ማቅናት ነው። የገባ በር፣ የተጨማደደ ኮፈን፣ የተጣመመ ፓራፋንጎ ይዘውለት ሲመጡ እየደበደበ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመልሰዋል። ስቱኮ ለጥፎ በቀለም የሚሸፍን ሰው ካየ እንደ ሌባ ነው የሚቆጥረው፤ ሰላምታም ይነፍገዋል።

ሙያውን ያስተማረው አባቴ ነው። ወደ ጋራዣችን ሲመጣ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። ላሜራው ሲለጠጥ ገና ከድምፁ ስለሚያውቅ፣ አባቴ "ይሄ ልጅ ጆሮ አለው" ይል ነበር፤ ደንበኞቹም ከዚያ ወዲህ "ጆሮ" ብለው ጠሩት፣ እስከ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። አባትሽ ሙያውን ሲሰጠው አንቺንም መርቆ ሰጠው እያሉ ይቀልዱብኛል። ውሸት ነው፤ የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ ማንንም መክሰስ አልችልም። ጆሮ እንዳለውም አልክድም። የጎደለው አፍ ነው።

የገባ በር በእኛ ግቢ በአንድ ሰው አይቀናም። አንዱ ከውጭ በኩል በመዶሻ ይመታል፤ ሌላው ከበሩ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መዶሻው በሚያርፍበት ቦታ ትክክል ድፍን ብረት ደግፎ ይይዛል። ብረቱ ትንሽ ከሳተ ላሜራው ይለጠጣል፣ ከተለጠጠ ደግሞ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሲወዛወዝ ይኖራል። ሁለቱ ሰዎች በሥራ ላይ አይተያዩም፤ በሩ መሃላቸው ነው። መቺው ባሌ፣ ያዡ ወንድሜ። አባቴ ሲያጣምራቸው ታዲያ ይዋደዱ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ካፖርት ለብሶ ይውላል፣ ምሳ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

አባቴ ሊሞት ሲል አልጋው አጠገብ ሰብስቦን፣ "መዶሻው ለአማቼ፣ ብረቱ ለልጄ" አለ። እንደለመዱት አብረው ይቀጥሉ ማለቱ ይመስለኛል። ወንድሜ የሰማው ግን "አንተ ዕድሜ ልክህን ለባዕድ ስትይዝ ኑር" የሚል ነው። ከቀብር እንደተመለስን፣ ልብሳችንን እንኳ ሳንቀይር፣ መዶሻውን አምጣ አለው። ባሌ አላመጣም አለ። አንዱ "ከሜዳ ያነሳንህ" አለ፤ ሌላው "አባትህ እንኳ አላመነህም" አለ። እዚያ ላይ አበቃ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። የመጨረሻዋ ልጄ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰምታ አታውቅም።

ሥራው ግን አልቆመም፤ ሌላ የሚያውቁት ሥራ የለም። ጠዋት ይመጡና አንዱ ከበሩ ወዲህ፣ ሌላው ከበሩ ወዲያ ይቀመጣሉ። ባሌ የመዶሻውን እጀታ በበሩ ጠርዝ ላይ ጠቅ ያደርጋል፤ ወንድሜ ብረቱን ከፍ ያደርጋል። ጠቅ ጠቅ ካለ ዝቅ ያደርጋል። እጀታውን በጠርዙ ላይ ከፈገፈገ እረፍት ማለት ነው። ደንበኞች ቆመው ያዩና "መግባባት ማለት ይሄ ነው!" ይላሉ። እኔ አንጀቴ ያርራል። በጠቅታ የማይነገረውን ሁሉ የማመላልሰው እኔ ነኛ!

"ወንድምሽን በይው፣ ነገ በጠዋት ይምጣ።"

"ሰውየሽን በይው፣ እኔ የሱ አሽከር አይደለሁም።"

መኖሪያችን እዚያው ጋራዡ ጀርባ ነው፤ ወንድሜም ከግድግዳችን ወዲያ። ምሳ በየተራ ነው የማቀርበው፤ አንዱ ሳይነሳ ሌላው አይቀመጥም። ልጆቼ አጎታቸውን አቅፈው ከሳሙ አባታቸው እስከ ማታ ያኮርፋል፤ ከአባታቸው ጋር ከሳቁ አጎታቸው የቤቱን በር ወርውሮ ይዘጋል። ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የማንን ፊት እንደሚያይ ቆሞ ሲያስብ አይቼዋለሁ። ልጆቼን ይዤ ከዚያ ግቢ መውጣት እፈልግ ነበር። ሌላ ሕልም አልነበረኝም።

መውጫው በአንድ ደንበኛ አፍ መጣ። ውጭ አገር ላሜራ የሚያቀና ሰው ጠፍቷል፣ ሙያውን አስመዝኖ ላለፈ ከነቤተሰቡ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣሉ አለን። ባሌን ከቢሮ ቢሮ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ጋራዡ በወንድሜ ስም ስለሆነ የሥራ ልምዱን መፈረም ያለበት እሱ ነበር፤ ፈርሞ ማኅተሙን ሲያሳርፍ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። "ቶሎ ይጥፋልኝ" አለኝ። ባሌም ያው ነው። "የወንድምሽን ፊት የማላይበት ይሁን እንጂ ሲኦልም ቢሆን እሄዳለሁ" አለኝ። ከአባቴ ሞት ወዲህ የተስማሙበት ነገር ቢኖር መለያየታቸው ብቻ ነው።

ወረቀቱ አለፈና የተግባር ምዘናው ቀረ። ድጋሚ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በሚቀጥለው ልደቱ ባሌ የዕድሜ ገደቡን ያልፋል። የምዘና ቢሮው ጸሐፊ ደንቡን አነበበችልን። ተመዛኙ የተጎዳ በር ያቀናል፤ የሚሠራውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል። አንድ ረዳት ማምጣት ይችላል፤ ረዳቱን የሚያዘው ግን በቃል ነው። ረዳቱ የታዘዘውን ይሠራል እንጂ አይናገርም።

"በቃል ለምን?" አላት ባሌ።

"እዚያ አገር ሳይነጋገሩ መሥራት አይፈቀድም፤ ጣት ይቆረጣል" አለችው።

እኔ ሳቄ መጣ። ባሌ አልሳቀም።

መጀመሪያ ጎረቤታችን ያለውን በያጅ ለምኖ ሞከረ። ሰውየው ሲበይድ የሚስተካከለው የለም፤ ብረት ደግፎ መያዝ ግን ከየት ይምጣለት? በሩ ጎበጠ። ባሌ ብቻውን፣ አንድ እጁን ከኋላ አሾልኮ ሞከረ፤ ያም ጎበጠ። ምሳ ሳቀርብለት ሳይነካው፣ "ወንድምሽን በይው" አለኝ።

"ራስህ በለው።"

"አልችልም።"

እንደተለመደው እኔ ሄድኩ። ወንድሜ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩን እያየሁ ነው ያነጋገርኩት።

"ምዘናው ላይ ብረት ትይዝለታለህ?"

"ለሱ?"

"ለኔ።"

"ላንቺም አልይዝም። ከዓይኔ የሚጠፋ ከሆነ ግን በጥርሴም ቢሆን እይዛለሁ።"

"እሱ በአፉ ያዝሃል። አንተ ግን ትንፍሽ አትልም።"

"ዝም ማለት ለኔ አዲስ ነው እንዴ?" አለና ሳቀ።

አሮጌ በር አቁሜ ግቢያችን ውስጥ አለማመድኳቸው። ባሌ መዶሻውን ያዘና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ወደ ላይ ያድርግ በይው" አለኝ። እዚያ እኔ የለሁም፣ አንተ ነህ የምትለው ብዬ ጮህኩበት። ድጋሚ ጀመረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ። ከበሩ ጀርባ ወንድሜ ድምፁን አፍኖ ሲስቅ በሩ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባሌ መዶሻውን ወርውሮ ቤት ገባ። ተከትዬው ገባሁ።

"እዚያ ስደርስ እላለሁ" አለኝ።

"ማልልኝ።"

"ልጆቼን ይንሳኝ!"

በልጆቹ ከማለ ወዲያ ምን ይባላል? አመንኩት።

የምዘናው ቀን በአንድ ታክሲ ሄድን፤ ባሌ ከሾፌሩ አጠገብ፣ እኔና ወንድሜ ከኋላ። የምዘናው ቦታ ወለሉ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ የሌለበት ጋራዥ ነው። መሣሪያው በየመጠኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከጣሪያው ሥር ካሜራ ተተክሏል፣ ባሕር ማዶ ያሉት በዚያ ያያሉ አሉን። ልጆቼ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ባለበት አገር ሲያድጉ ታየኝ። ቤተሰብ የሚቀመጠው ከመስታወት ወዲያ ነው፤ የውስጡ ድምፅ በማጉያ ይሰማል፣ የእኛ ግን ወደ ውስጥ አይገባም።

ባሌ ግሩም አድርጎ ጀመረ። "ጓንት አጥልቄአለሁ። አሁን የጉዳቱን መጠን በእጄ እየዳሰስኩ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው" እያለ ለካሜራው እንደ ዜና አንባቢ ሲተነትን፣ ይህን አፍ የት ደብቆት ኖሯል አልኩ። ግራጫ ቱታ የለበሰው መዛኝ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፋል። ወንድሜ ከበሩ ጀርባ ብረቱን ይዞ ተቀምጧል። ባሌ መዶሻውን አነሳ። ከዚያ ወደ መዛኙ ዞረና፣ "ብረቱን ወደ ላይ ያድርግ በሉልኝ" አለ።

መዛኙ ከወረቀቱ ቀና አለ። "ማንን ነው የምለው?"

"እሱን።"

"እሱማ እዚሁ ነው። እርስዎ ይንገሩት እንጂ።"

የባሌ ጆሮ ከሩቅ ሲቀላ ይታየኛል። ወደ በሩ ዞረና የመዶሻውን እጀታ ጠቅ አደረገ። ወንድሜ ብረቱን ከፍ አደረገ። ባሌ መታ። ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ መታ፤ ጠቅ አደረገ፣ መታ። በሩ እኮ እየቀና ነበር! ያ ሁሉ ጉድጓድ ዓይኔ እያየ እየሞላ ነበር። መዛኙ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ወዶታል፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ እጁን አነሳ።

"ሥራው ጥሩ ነው" አለ። "ግን ረዳትዎን በቃል ካላዘዙ ልቀበልዎ አልችልም። ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።"

መስታወቱን በሁለት መዳፌ ደበደብኩት። "በለው! ከፍ አድርግ በለው! አንዲት ቃል እኮ ናት!" ማን ይሰማኛል? ባሌ መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዘዋወረ። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ማንም አላየሽም ቢለኝ አልቀበልም።

ያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ የወንድሜ ድምፅ ፈነዳ።

"ተናገር እንጂ አንተ ግትር! ምን ዘጋህ? እህቴን ይዘህ ጥፋልኝ አላልኩም እንዴ!"

መዛኙ ሰዓቱን አቆመ። ረዳቱ ተናግሯል አለ። ባሌ "እኔ አልተናገርኩም!" አለ። ሰውየው አየት አደረገውና፣ "እሱም ሌላው ምክንያት ነው" አለው። ካሜራው ጠፋ፤ ምዘናው እዚያው ላይ ተዘጋ። ይናገራል ያልኩት ዝም አለ፤ ዝም ይላል ያልኩት ተናገረ። ሁለቱንም ጠላኋቸው። አባቴንም ጭምር፣ ከነመዶሻው ከነብረቱ፣ ጠላሁት።

ስንመለስ እኔ ከፊት ገባሁ፤ እነሱ ሳያስቡት ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ታክሲው ትንሽ እንደሄደ ባሌ፣ "ላወጣው ነበር እኮ" አለ። ለኔ መስሎኝ ዞርኩ። የሚያየው ወንድሜን ነው።

"ምኑን?" አለ ወንድሜ።

"ቃሉን ነዋ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።"

"አፍህ ላይ ከደረሰ ስንት ዓመቱ! ደግሞ መጨረሻ ላይ በጠቅታ ከፍ አድርግ ያልከኝ ምን ሆነህ ነው? ዝቅ ነበር መሆን ያለበት። ጠርዙ ሊለጠጥ ነበር።"

"አልተለጠጠም።"

"ሊለጠጥ ነበር አልኩህ!"

"አባትህ ናቸው እንዲያ ያስተማሩኝ!"

"አባቴ ጠርዝ ላይ እንደዚያ መትቶ አያውቅም!"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። አንዱ የፊቱን ወንበር ጀርባ በር አድርጎ በቡጢው ይመታል፣ ሌላው እጁን ከሥር አስገብቶ እንዴት እንደያዘ ያሳያል፤ እኔ የተደገፍኩት ወንበር ነው የሚደበደበው። ስለ ጠርዙ አወሩ፤ ስለ መዛኙ መዶሻ ክብደት አወሩ፤ ከአባቴ ጋር ስላቀኑት ስለ አንድ የጭነት መኪና ኮፈን ተጨቃጨቁ። ስለ እኔ ግን፣ ልጆቼን ቤት ስገባ ምን እንደምላቸው፣ ስላመለጠን አገር፣ አንዲት ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ይነጋገሩልኝ እያልኩ ስጸልይ የኖርኩት ይህን ለመስማት ነበር?

ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸውና ፈገግ አለ። "ወንድማማች ናችሁ?"

"አይደለንም!" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

"ናቸው" አልኩት። "ባዕዷ እኔ ነኝ። እዚህ ጋ አውርደኝ።"

ሾፌሩ ዳር ያዘ። ባሌ፣ "ምን ሆንሽ?" አለ። ወንድሜ፣ "ቤት እኮ ገና ነው" አለኝ። ወርጄ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። ታክሲው ሲሄድ በኋላው መስታወት አየኋቸው፤ እጃቸውን እያወናጨፉ አሁንም ስለ በሩ ነው። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። መሄድ የምችለው ያን ያህል ብቻ ነበር።