ዋርካው ጋ ሲደርስ

ሰውየው በየገበያው ቀን ከአረካ ሶዶ ድረስ በእግሩ ነው የሚመጣው። በቅሎ አጥቶ አይደለም፤ በቅሎውማ በወግ ተጭና ከኋላው ትከተለዋለች። እሱ የነተበ ቡልኮውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ አቀበቱን ይወጣል። ስሙን የሚያውቅ የለም።

ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ዋርካ አለ። አጤ ምኒልክ ወላይታን ሊያስገብሩ የዘመቱ ጊዜ፣ የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ድንኳናቸው የተተከለው ከሥሩ ነው ይባላል። ስለዚህ የሰፈሩ ሹም መንገደኛ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ እጅ እንዲነሳ አዟል። ለዛፍ እኮ ነው! ሰውየው ግን በቅሎው ላይ የሚወጣው ልክ እዚያ ሲደርስ ነው። አንገቱን አቅንቶ፣ ሳይቸኩል ዋርካውን ያልፍና ማዶ ሲደርስ ይወርዳል።

የዋርካው ዘበኛ እሸቴ ሦስት ገበያ ታገሠው። በአራተኛው ደሙ ፈላና ልጓሟን ጨምድዶ ያዘ።

«አንተ ሽማግሌ! ንጉሥ ላረፈበት አትወርድም?»

«ሦስት ወንድሞቼ እዚሁ ወድቀው ቀሩ» አለ ሰውየው። «አፈር እንኳ ያለበሳቸው የለም። ለእነሱ ማን ወረደላቸው? ልቀቅ በቅሎዬን!»

እሸቴ ዱላውን አነሳ። ከዚያ ዘመቻ ጋር የመጣው አባቱ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። አባቱ እስኪሞት ድረስ በዚህ ዋርካ ሥር አልፎ አያውቅም፤ ዝናብ እየወረደበትም ቢሆን በወንዙ ዞሮ ነበር ቤቱ የሚገባው።

እሸቴ እስከዛሬ አክብሮት ይመስለው ነበር።