ከሙሽራ የተዋስነው ካርድ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ፣ በአንድ እሁድ ነው። ዛሬም የሰርግ መኪና ጥሩምባ በሰማሁ ቁጥር ሌላው ሰው ፈገግ ሲል እኔ እንባዬ ይመጣል። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ ምን ሆንክ ብላ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች።

በማለዳ ከመንዝ ስልክ ተደወለ። ቀየት የሚኖረው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሌሊቱን አርፏል። ቀብሩ በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ነው ተባለ። እናቴ ከእሱ ሌላ የቀራት የእናት ልጅ የለም። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ እሱ ራሱ ሸምኖ የላከላትን የሱፍ ባና ታቅፋ መኪና ውስጥ ገባች።

"አፈር ሳይለብስ ልድረስለት" አለችኝ።

መኪናዬ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት። የገዛኋት የነዳጅ ሰልፍ አንገሽግሾኝ ሲሆን፣ ማደያ በር ላይ የተገተሩ ጓደኞቼን እያየሁ ስቀልድባቸው ኖሬአለሁ። የዚያን ዕለት ግን ሰፈራችን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪዋ ገና ግማሽ ላይ ነበር። ብዙም አላሳሰበኝም። ደብረ ብርሃን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ እንዳለ አውቃለሁ፤ የቻርጅ ካርዴም ኪሴ ውስጥ ነው።

ዳገቱና ውርጩ ግን ባትሪውን ጠጡት። ማሞቂያውን አጠፋሁት። እናቴ ባናውን ተከናነበች።

ጣቢያው ስንደርስ ካሉት ሁለት ገመዶች አንዱ በአበባና በሪባን ያጌጠች ነጭ መኪና ላይ ተሰክቷል። የሙሽራ መኪና ናት። አጃቢዎቹ መኪኖች መንገድ ዳር ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሁለተኛውን ገመድ ሰክቼ ካርዴን አስነካሁ። ቀይ መብራት በራ። ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ደገምኩት፤ ያው ቀይ።

የጣቢያው ሠራተኛ መጥቶ ካርዴን አየው። "ይሄ የሌላኛው ድርጅት ካርድ ነው፤ እዚህ አይሠራም" አለኝ።

"ኤሌክትሪኩ አንድ አይደለም እንዴ?"

"መብራቱስ አንድ ነው። ካርዶቹ ናቸው የማይተዋወቁት።"

የእነሱን ካርድ የሚሸጠው ቢሮ ደግሞ እሁድ ዝግ ነው። በስልክ ለመመዝገብ ሞከርኩ፤ ይላካል የተባለው የሚስጥር ቁጥር አልመጣ አለ። ወደ መንዝ የሚሄደው አውቶብስ በጠዋት ወጥቷል። የኮንትራት መኪና አፈላለግሁ፤ በጥር እሁድ ከተማው ውስጥ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ሰርግ ላይ ነው።

የቀረኝ የሙሽራው ሾፌር ነው። ካርዱን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ በትሕትና ነው የመለሰልኝ።

"አንድ ካርድ በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ነው የሚሞላው። ላንተ ለመስጠት የኔን ማቋረጥ አለብኝ። ከቀየት ወዲያ ሙሽሪትን ልናመጣ እየሄድን ነው፤ የሴት ወገን ድግሱን አቅርቦ ይጠብቀናል። ይቅር በለኝ ወንድሜ።"

እውነቱን ነው። የሴት ወገንን ማስጠበቅ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን የምሄደው ለቀብር መሆኑን ገና አልነገርኩትም። መጀመሪያ የሆነውን ለእናቴ ልንገራት ብዬ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። እናቴ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አስተካክላ እንደ ደህና ቀን ለብሳዋለች። ዓይኗንም ጠርጋለች።

"እንዳትነግራቸው" አለችኝ። "ሙሽራ ፊት መርዶ አይወራም። ለልጆቹ ደግ አይደለም።"

"እማዬ፣ ወንድምሽ ሊቀበርብሽ ነው እኮ!"

"የኔ ወንድም አንዴ ሞቷል። የነሱ ኑሮ ዛሬ መጀመሩ ነው።"

ደሜ ፈላ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። የመኪናዋን ጎማ በእግሬ መታሁት፤ እግሬን አመመኝ እንጂ ጎማው ምን ይሆናል።

አጃቢዎቹ ብርዱን ለመርሳት ይመስላል ከበሮ መምታት ጀመሩ። እናቴ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ማየቱ ነውር ሆኖባት ወረደችና ከሴቶቹ ጋር እልል አለችላቸው። እልልታው ግማሽ ላይ ተሰበረ። ሳል ልታስመስለው ሞከረች።

ከሴቶቹ መካከል አንዲት ረጅም አሮጊት ማጨብጨባቸውን አቆሙ። የሙሽራው አክስት ናቸው። ቀጥ ብለው ወደ እናቴ መጡና ፊቷን አዩት።

"እህቴ፣ ይሄ ሲያለቅስ ያረፈደ ድምፅ ነው። ማን ሞቶብዎት ነው?"

"ኧረ ማንም። ብርድ መትቶኝ ነው።"

"እኔም ወንድሞቼን ቀብሬአለሁ። ይንገሩኝ።"

እናቴ ፊቷን ባናው ውስጥ ቀበረች። እኔም አላስቻለኝም። አጎቴን፣ ስምንት ሰዓቱን፣ ካርዱን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት።

አክስቲቱ እጃቸውን ሲያነሱ ከበሮው ቆመ። ሙሽራውን ጠሩት። "ልጄ፣ እኚህ እናት ደስታህ እንዳይደፈርስ ብለው ሐዘናቸውን ደብቀው እልል አሉልህ። ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት ከየት ታመጣለህ?" አሉት።

ሙሽራው ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ ካርዱን ከሾፌሩ ተቀብሎ ራሱ የመኪናውን ገመድ ነቀለ።

"የሴት ወገንስ?" አለ ሾፌሩ።

"ይጠብቁና! ሙሽራ ያልተጠበቀ ማን ሊጠበቅ ነው?"

ካርዱን በእኛ በኩል አስነካው። አረንጓዴ በራ። እናቴ ጉልበቱን ልትይዝ ስትጎነበስ ደንግጦ አነሳት። የሚያደርሰንን ያህል እስኪሞላ ድረስ አክስቲቱ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው እጇን ይዘዋት ቆዩ። ከበሮው ዳግመኛ አልተመታም።

ደረስን። አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ፍትሐት እየተደረገለት ነበር። እናቴ ባናውን ወንድሟ ላይ አልብሳ፣ እንደ ልጅነታቸው በቤት ስሙ እየጠራች አለቀሰችው። ሳታየው ቢቀበር ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር ማሰብ እንኳን አልፈልግም።

ፍትሐቱ አልቆ ወደ መቃብሩ ሲነሳ ከሩቅ የሰርግ ጥሩምባና ዘፈን ተሰማ። ለቀስተኛው ዞር ዞር አለ። አንድ ሽማግሌ "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!" ሲሉ ሰማኋቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየቀረቡ ሲመጡ ግን ጥሩምባው ቆመ፤ ዘፈኑም ቆመ። መኪኖቹ ተራ በተራ በዝግታ አለፉ። ጠጠሩ ከጎማቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማ ነበር።

ነጯ መኪና በሩ አጠገብ ቆመች። አክስቲቱ ወረዱ። የሰርግ ነጠላቸውን እዚያው መኪናው አጠገብ አዘቀዘቁት፤ ገብተው እናቴን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ተመልሰው ነጠላቸውን አስተካከሉና መኪናው ውስጥ ገቡ። ኮረብታውን ካለፉ በኋላ ነው ጥሩምባው እንደገና የተሰማው።

አሁን መኪናዬ ውስጥ የሁለቱም ድርጅቶች ካርድ አለ። አንዱ ካርድ በሁሉም ጣቢያ እንዲሠራ ሊደረግ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቶሎ ያድርጉት፣ ያን ዕለት የተጨነቅሁትን ማንም እንዲጨነቅ አልፈልግም። እስከዚያው ድረስ ካርዱ እምቢ ያለው ሰው ሳይ የኔን አውጥቼ አስነካለታለሁ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠይቀውም።

በዚያ ሁሉ ግርግር የሙሽሮቹን ስም ሳንጠይቅ ተለያየን። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም "የነጯ መኪና ልጆች" እያለች ነው የምትጸልይላቸው። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ምሳ እየበላን ሳለ ድንገት ቀና ብላ "ወልደው ይሆን?" አለችኝ።