አባቴና የላርች እንጨቱ

ዛሬ ኢስት ዮርክ ያለው ጎረቤቴ ለአጥሩ ላርች የሚባለውን እንጨት ሲቆርጥ የሙጫው ሽታ ቤቴን ሞላው። ወዲያው በአባቴ እንደ አዲስ ተናደድኩ።

ልጅ ሳለሁ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። እናቴ ወንድሜን ልትወልድ ስትቃረብ፣ አባቴ «የሕፃኑን አልጋ ራሴ እሠራለሁ» አለ። በረንዳችን ላይ እንጨት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ትንሽ ቶርኖ ተክሎ የአልጋውን እግሮች ከላርች ይቀርጽ ጀመር። እንጨቱ ግን አልታዘዝ አለው። ይሰነጠራል፤ ሙጫው ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ለስላሳው ሲፋቅ ጠንካራው መስመር እንደ ጎድን አጥንት አፍጦ ይቀራል።

ጡረታ የወጡት አናጢ ጎረቤታችን ጋሽ ሙላት መጥተው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ዝናብ የሚችል የአጥር እንጨት ነው። ሕፃኑን ግን ስንጥሩ ይወጋዋል። ልስልስ ብሎ በሚፋቀው በሜፕል እንጨት ሥራው» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ አባቴ።

«ልጁም ትንሽ ነው የቀረው!» ብላ እናቴ ከውስጥ ጮኸች።

አልጋው ሳያልቅ ወንድሜ ተወለደ። እሱ ከእናቴ ጋር፣ አባቴ የኔ አልጋ ላይ፣ እኔ ሶፋ ላይ ሆነን ዊንተሩን አሳለፍን።

ዛሬ ለአባቴ ኮል አድርጌ የአልጋውን ነገር አነሳሁበት።

«እንጨቱ ምንም አልነበረበትም» አለኝ። «እናትሽ ናት ያጣደፈችኝ።»