በተልባ ውሃ የተነሳ ፎቶ

እኔ ስቆጣም ስኮራም ድምፄ ቤት ይሞላል። የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ አሰብ ስመደብ ይህ ጠባዬ አብሮኝ ወረደ፤ ያ ሁሉ ሙቀት እንኳ አላለዘበውም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ለሁሉም ነገር መመሪያ ይመጣል። አንድ ቀን ደግሞ ስለ ትምህርት ቤታችን ብቸኛ ማይክሮስኮፕ መጣ። ሥራ ላይ ካልዋለች ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ትዛወራለች፤ ይህንንም የሚያይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል ተባለ።

ደሜ ፈላ። ተማሪዎቼ እኮ አንዲት ጠብታ ውሃ ለማየት እረፍታቸውን ትተው የሚሰለፉ ልጆች ናቸው። ማይክሮስኮፗ ከሄደች ፓራሚሲየም የሚባለው የውሃ ውስጥ ረቂቅ ፍጥረት ለእነሱ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሳልኩት የጫማ ሶል ሆኖ መቅረቱ ነው። ዳይሬክተራችን የአሰብ ተወላጅ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ለእንግዳው ምን እናሳይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመሱትን ፎቶ አንስቼ እሰቅላለሁ አልኳቸው አፌን ሞልቼ። በሕይወቴ ካሜራ ጨብጬ አላውቅም!

ካሜራውን ከፎቶ ቤት ተዋስኩ። ውሃውን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ቀዳሁ፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚያቁር ውሃ ሌላ ቦታ አልነበረም፣ ፀሐዩ መች ያስተርፋል። ካሜራውን ማይክሮስኮፗ ላይ ደግኜ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ብጫነው ብጫነው፣ ታጥቦ የመጣው ሁሉ ጭረት ነው። እነዚያ ፍጥረቶች እንደሆኑ ለአፍታም አይቆሙ። ባለ ፎቶ ቤቱ እያንዳንዱን እያየ «ተንቀሳቅሷል» ይልና ወደ ጎን ያኖረዋል፤ ደንበኛ ቢሆኑ አትንቀሳቀሱ እላቸው ነበር ብሎም አሾፈብኝ።

ያኔ ተልባ ትዝ አለኝ። ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባ ልጋግ ያወጣል፤ ልጋጉ ደግሞ የሚሮጡትን ያዘገማል፣ ኮሌጅ ሳለሁ ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርና ከደሴ እንዲያመጣልኝ ላክሁት። አምጥቶም፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ደጃፍ ላይ፣ ሆድ ድርቀቱ ጠናብሽ እንዴ አለኝ። እውነቱን ለማስረዳት ተገደድኩ። ከዚያ ወዲያ የአስተማሪዎች ክፍል በገባሁ ቁጥር «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» እያሉ ይቀበሉኝ ጀመር።

እንዲያው ይሳቁ ብዬ ልጋጉን በማንኪያ መታሁት፣ ደጋግሜ መታሁት፣ ከጠብታው ጋር ቀላቀልኩትና አነሳሁ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ አንዱ ጥርት ብሎ ወጣ። ድብልብል ነው፤ ጠርዙ ወፍራም ጥቁር፣ መሃሉ የሚያበራ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባለ ፎቶ ቤቱ አሳድጎ አጠበልኝ። የተንቀሳቀሱትን ከነፊልማቸው ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው፤ ሰው እንዲያይብኝ አልፈለግሁም።

እንግዳው ሲመጡ ክፍሉ ሞላ። ፎቶው ፊት ቆሜ፣ ይህ ሕያው ፍጥረት ከጓሯችን ውሃ የተገኘ ነው፣ በተልባ ይዘን አረጋነው እያልኩ ድምፄን ለቀቅሁት። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ። እንግዳው መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን ብዙ አዩት። እስከዚያች ደቂቃ ጓዲት ሲሉኝ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«እህቴ፣ ይሄ የአየር አረፋ ነው» አሉኝ። «የሚንቀሳቀሱትን አላነሳሻቸውም?»

«አንስቻቸው ነበር። ጣልኳቸው።»

አረፋን ከሕያው መለየት እኮ ማይክሮስኮፕ የነካ ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱ ነው! ያን ሁሉ አረፋ ያስነሳሁት ራሴ፣ ልጋጉን በማንኪያ ስመታ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ሰዉ ዞረው፣ ማይክሮስኮፗ ሥራ ላይ ስላለች እዚሁ ትቆያለች አሉ። ዳይሬክተሩ አልሐምዱሊላህ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሰው ፊት ቢያዋርዱኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፤ ማን ይችለኛል። ስላዘኑልኝ ግን ድምፄ ጠፋ።

ፎቶው እዚያው ቀረ። ላውርደው ብዬ ዳይሬክተሩን ብለምናቸው፣ ማይክሮስኮፗን ያተረፈልንን? ብለው ተቆጡኝ። እውነቱን ልነግራቸው ከአንደበቴ አልወጣ አለ። ጀርባዬን ሰጥቼው አስተምር ነበር። የከፋው ደግሞ አዲስ የሚገቡት ልጆች ናቸው። ጠብታቸው ውስጥ መጀመሪያ የሚያዩት አረፋ ነው፤ ቁርጥ ግድግዳው ላይ ያለውን ስለሚመስላቸው በደስታ ይጠሩኛል። የሚዋኙት በአጠገቡ ሽው ሲሉ ቆሻሻ ነው ብለው ያልፏቸዋል። እኔም እየዞርኩ ያ አይደለም፣ የማይቆመውን ፈልጉ እላለሁ።

አንዲት ልጅ አንድ ቀን ከማይክሮስኮፗ ቀና አለችና ፎቶውን አየችው።

«ቲቸር፣ ታዲያ ያ ምንድን ነው?»

«አየር ነው» አልኳት። «እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

ልጅቷ ዓይኗን ከፎቶው ወደ እኔ መለሰች፤ ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ማይክሮስኮፗ ላይ አደረገችና፣ ልታጽናናኝ ብላ አረፋ መለየት እሷንም እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ። እንግዳው ባዘኑልኝ ቀን እንኳ እንደዚያ አላፈርኩም።