መጋረጃው ላይ ያረፈችው ቀይ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት ለመምህራን በተሰጠ ስልጠና ላይ አሰልጣኙ ከኪሱ ብዕር የምታህል ነገር አውጥቶ ግድግዳው ላይ ቀይ ብርሃን አሳረፈ። ነጥቧ ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እየተንቀጠቀጠች ስትሄድ ሰውዬው የሚለውን መስማት ተውኩ። የጠመንጃ ዘይት ሸተተኝ። ከዚያ ያ የማውቀው ንቀት ከሆዴ ተነሣ። አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። በአሥራ ሰባት ዓመቴ የወደድኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ከውስጤ ወጥተዋል፤ ይሄ ግን እንደ ትናንት ትኩስ ነው።

የምንቀው የእኅቴን ባል ነው። ልንገርሽ።

የአሥረኛ ክፍል ውጤት እየጠበቅኩ ሳለ እኅቴ ሞጣ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እናታችን እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ስለሞተች አራሷን የምታግዝ ሴት ከእኔ በቀር አልነበረችም። አባቴ ከቢቸና አውቶቡስ ላይ አሳፍሮኝ፣ ቦርሳዬን በመስኮት አቀብሎኝ፣ «እኅትሽን አትጨቅጭቂያት» ብሎኝ ተመለሰ።

የእኅቴ ባል ገበያው አጠገብ የሞባይልና የሬዲዮ ሱቅ ነበረው። ሞባይል ወደ ሞጣ ከገባ ገና ጥቂት ዓመቱ ስለነበር የከተማው ሰው እንደ አዋቂ ያየው ነበር። ሲም ካርድ ሲያስገባ እንኳን ቀዶ ጥገና እንደሚሠራ ሐኪም ትንፋሹን ይይዛል። ቤቱ ሳሎን ውስጥ፣ ቀይ ከፈይ በተለበጠ ሰሌዳ ላይ የተሰቀለ ክላሽ ነበረው። በሕይወቱ ጥይት የተኮሰው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በገዛ ሠርጉ ዕለት። ያኔም ሰደፉ ትከሻውን መትቶት እጁን ማንሣት ስላቃተው፣ እኅቴ የጫጉላውን ሳምንት ስታጎርሰው ነው የሰነበተችው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ከዐረብ አገር በተመለሰ ደንበኛው በኩል ያቺን ዕቃ ያገኘው። ጥይት የምትመስል ናስ ናት። ባሩድ የላትም፤ ሆዷ ውስጥ ያለው የሰዓት ባትሪ ነው። ጠመንጃው ውስጥ ትገባለች፤ ቃታ ሲሳብ ከኋላዋ ትመታለች፤ በአፈሙዙ በኩል ቀይ ብርሃን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ፣ ጥይት ቢሆን ኖሮ የሚያርፍበት ነው። «ጥይት ሳይባክን፣ ጎረቤት ሳይረበሽ፣ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ አነጣጣሪ ይሆናል» ይል ነበር። ለደንበኛው ሁሉ ይለው ነበር። ለሕፃኗም ይላታል።

በየቀኑ ለምሳ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ እኅቴና ልጇ ከሳሎን ወደ ጓዳ ይባረራሉ። መጋረጃው ይጋረዳል። ከተቀደደች አንዲት ቦታ የምትገባ የፀሐይ ጨረር ብቻ ሶፋው ላይ ትተኛለች። ከጓዳ የገንፎና የቅቤ ሽታ ይመጣል፤ ከሳሎን የጠመንጃ ዘይት። እሱ ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ፣ ቦርጩን ወደ ውስጥ ስቦ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ ይቆማል። ዒላማው በቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ እኔው በከሰል የሣልኩት፣ ከአንድ እስከ አሥር የተቆጠረ ክብ በክብ ነው። የእኔ ሥራ ግድግዳው አጠገብ ቆሜ ብርሃኑ የት እንዳረፈ መናገር ነበር።

ቀጭ ይላል ብረቱ።

«ስንት ነው?»

«ሰባት፣ ጋሼ።»

«ዘጠኝ መሰለኝ እኮ።»

«ሰባት ነው።»

ዘጠኝ ነበር። ሆን ብዬ እቀንስበት ነበር። እሱ ጠመንጃውን አገላብጦ ያያል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለዋል፣ ባትሪው ደክሟል ይላል፤ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ያለቅሳል ብለሽ የምታስቢውን ያህል ይከፋው ነበር። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። ንቀት ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ታውቂያለሽ።

ንቀቴን ያባባሰው ግን የአባቴ ነገር ነበር። አባቴ በቢቸና ዙሪያ በተኩሱ የታወቀ ሰው ነው። በወጣትነቱ የጎረቤታችንን በቅሎ ጅብ ከጭኗ ይዞ ሲጎትት፣ ከሩቅ ተንበርክኮ በአሮጌው ጠመንጃው፣ በምንሽሩ፣ ጅቡን ብቻ ለይቶ ጥሎታል ይባላል። እሱ ራሱ አያወራውም። ሌሎች ሲያወሩት ተነሥቶ ከብት ሊያይ ይወጣል። ምንሽሩም የተሰቀለው በከፈይ ሰሌዳ ላይ አይደለም፤ ከአልጋው ራስጌ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ያን ባለ ሱቅ ክላሽ አንግቦ ከሶፋ ጋር ሲዋጋ ባየሁት ቁጥር በአባቴ ስም እናደድ ነበር።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አባቴ ከቢቸና መጣ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ተቀበልኩት። በሩ ላይ ቆሞ ደረጃውን በእግሩ ጫፍ ሲፈልግ አይቼ መንገዱ ያደከመው መሰለኝ። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ ቀረብ አድርጎ አየኝና «ወፍረሻል» አለኝ። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎኑ በሰው ተሞላ። የሕፃኗ የክርስትና እናት ከባሏ ጋር ነበረች፤ የእኅቴ ባል ወዳጆች የሆኑ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አጠገባችን ጨርቅ የሚነግደው ሙስሊም ጎረቤታችንም ለእንኳን ደስ አላችሁ መጥቶ በሩ ሥር ተቀምጧል። ተበላ፣ ተጠጣ። የእኅቴ ባል ሁለት ብርጭቆ ጠላ ሲይዘው ተነሥቶ ክላሹን ከሰሌዳው አወረደ። ካዝናውን ነቅሎ ለሁሉም አሳየ፤ ያቺን ናስ በሁለት ጣቱ ይዞ አዞራት፤ የሱቅ ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረደው። ከዚያ ዒላማውን ሰቅሎ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሰው ሁሉ ስለሚያይ አልቀነስኩበትም። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። አጨበጨቡለት።

«አሁን ደግሞ አባባ ይተኩሱልን» አለ ላቡን እየጠረገ። «የጥንቱ ከዘመናዊው ይፎካከር።»

«ተወኝ ልጄ» አለ አባቴ። «ብርሃን ተኩሼ አላውቅም።»

«ምን ችግር አለው፣ ያው ጠመንጃ ነው። ስምዎን እንሰማለን፣ ዛሬ ደግሞ እንይ እንጂ።»

እንግዶቹም ለመኑት። እኔም «አባ፣ እባክህ» አልኩት። የባለ ሱቁ ቦርጭ በአባቴ ፊት ሲሟሽሽ ለማየት በጣም ጓጉቼ ነበር።

አባቴ ተነሣ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ። ጠመንጃውን ሲቀበል አያያዙን ያየ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ ገባው። ሰደፉ ትከሻው ላይ ቦታውን አላጣም፣ ክንዱ አልተንቀጠቀጠም። ዒላማው አጠገብ ቆምኩ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ነበር።

ቀጭ አለ።

ቀይዋ ነጥብ ከዒላማው አንድ ክንድ ርቃ መጋረጃው ላይ ብልጭ ብላ ጠፋች።

አባቴ ጠመንጃውን አላወረደም። ያን ጊዜ ነው ፊቱን ያየሁት። የሚያየው ግድግዳውን አልነበረም። ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ድምፄን እየጠበቀ ነው።

«የት አረፈች፣ ልጄ?»

አስቢው እስኪ። ያን ሁሉ ቀን ለአንድ ባለ ሱቅ የዋሸሁ ልጅ ነኝ። አንድ ውሸት ለአባቴ ብጨምር ምን ነበረበት? ሌላው ሰው ቢያይም አባቴ ቃሌን ይቀበል ነበር። ነገር ግን ከነጋዴዎቹ አንዱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ፤ የእኅቴ ባልም በደስታ ቀልቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። «መጋረጃው ላይ፣ አባ! መጋረጃውን ገደልከው!»

አፈርኩበት፤ እውነቱ ይሄ ነው። ሳወራለት የኖርኩት ጀግና በሰው ፊት ሲስት፣ ከእሱ ጋር ከመሳት ከሚስቁት ጋር መሆን መረጥኩ።

የእኅቴ ባል ግን የአባቴን ዓይን ሲያይ መሳቁን አቆመ። አባቴ ፊት ሄዶ ቆመና እጁን ከፍ አደረገ። ጣቶቹ ሦስት ነበሩ።

«አባባ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«እጅህን አውርድ» አለው አባቴ።

«ስንት ነው፣ ይንገሩኝ።»

አባቴ ጠመንጃውን በጥንቃቄ ሶፋው ላይ አስቀመጠ። «እጅህን እንዳነሣህ አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ስንት እንደሆነ አላውቅም። ከዓመት በላይ ይሆነኛል።»

ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ተነሥቶ አባቴን ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። እኅቴ ልጇን እንዳቀፈች ከጓዳ ወጥታ አለቀሰች። እኔ የአባቴን ጋቢ ይዤ ዒላማው ሥር ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ ጠዋት የእኅቴ ባል ሱቁን ዘግቶ አባቴንና እኔን ባሕር ዳር ይዞን ሄደ። በመንገዱ ሁሉ አወራ። ለሹፌሩ አወራ፤ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ ለሚጠብቁት ሁሉ አወራ። «አማቴ በተኩስ የታወቁ ሰው ናቸው። ሕመማቸውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ በሌዘር» ይላል። አባቴ አጠገቡ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ብችል አፉን በነጠላዬ እጠቀጥቀው ነበር። ሐኪሙ ብዙ አየው። የዓይኑ ግፊት ነርቩን ገድሎታል አለ። ቀኙ አልቋል፤ የግራው ጥቂት ቀርቶታል፣ እሱንም በጠብታ ለተወሰነ ጊዜ ማቆየት ይቻላል። ከዚህ ዘግይታችሁ ቢሆን ይሄም አይኖርም ነበር አለን።

የእኅቴ ባል ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታውን በየወሩ ከሞጣ ወደ ቢቸና በአውቶቡስ ላከ። አንድ ወር አላጓደለም። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ስሙን በትልቁ ይጽፍበታል፤ አባቴ እንደማያነበው እያወቀ። አባቴም ምንሽሩን ለእሱ ሰጠው። «እሱ ነው ያወቀልኝ» አለ። ከወለዳቸው ልጆች አንዳችንም አላወቅንለትም። ምንሽሩ ዛሬ ሞጣ፣ ክላሹ አጠገብ፣ ከፈይ ለብሶ ተሰቅሏል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አሁንም እንቀዋለሁ። በዓል ላይ ስንገናኝ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ሲጀምር ተነሥቼ ሳህን አጥባለሁ።

አስተማሪ ሆኜ ቢቸና ስመደብ ከአባቴ ጋር መኖር ጀመርኩ። ያኔ የግራው ዓይንም ጨልሞ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሽምብራ እሸት እየፈለፈልን ነበር። እኔ እፈለፍላለሁ፣ እሱ ይበላል። ዓመታት ሙሉ አፌ ላይ የነበረውን ያን ጊዜ አወጣሁት።

«አባ፣ ያን ቀን ሞጣ ላይ ሳቅሁብህ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ይቅር በለኝ።»

ማኘኩን አቆመ። እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን ፈለገና ያዘው።

«እሱን ነው እንዴ ይዘሽ የኖርሽው?» አለኝ። «እኔ እኮ በዚያ ቤት ማን የት እንደተቀመጠ አላይም ነበር። ሳቁን ስሰማ እናትሽ የገባች መሰለኝ። ልክ እንደሷ ነው የምትስቂ። ከሞተች ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ምነው ደግማ ብትስቅ ብዬ ነበር ጠመንጃውን ይዤ የቆምኩት።»

ሽምብራው ከጭኔ ላይ ተበተነ።

«ከዚያ ወዲህ ደግሞ አልሳቅሽም» አለኝ፤ እጁንም ለእሸቱ ዘረጋ።